«የፈለጉኝ እኔን ነው ወይስ ቁጥር ማሟያ?»

የተከበሩ የዓምዱ አማካሪ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሴት ስሆን በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቁ 10 ዓመቱ፣ ትንሿ 5 ዓመቷ ነው። በሰፈራችን እድር ውስጥ ላለፉት 6 ዓመታት በጸሐፊነት አገልግያለሁ።

ከአንድ ወር በፊት ከአንድ ፓርቲ የተላኩ ሁለት ሰዎች ቤቴ ድረስ መጥተው ለከተማው ምክር ቤት በዕጩነት እንድቀርብላቸው ጠየቁኝ። «ሰፈሩ ያውቅሻል፣ ያከብርሻል፣ የተማርሽ ነሽ» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽዎትም። ይሁን እንጂ ሊወጡ ሲሉ አንደኛው በር ላይ ቆም ብሎ «ሴት ዕጩ አንሶናል፤ አደራ እንዳታሳፍሪን» አለኝ። ከዚያች ቃል ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። የፈለጉኝ እኔን ነው ወይስ ቁጥር ማሟያ?

ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው «ፖለቲካና ኤሌክትሪክ በሩቁ ነው» ብሎ ዝም አለ። አልከለከለኝም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳዩን ባነሳሁ ቁጥር ወሬ ይቀይራል። አማቴ በበኩላቸው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም? ስምሽን አደባባይ አውጥተሽ ለልጆችሽ ምን ልታተርፊ ነው?» አሉኝ። አንዲት ባልደረባዬ ደግሞ በፌስቡክና በቲክቶክ ስለ ሴት ፖለቲከኞች የሚጻፈውን እያሳየች «ይህን ትችይዋለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ክረምት የሰፈራችን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ተደፍኖ የሦስት ጎረቤቶቻችን ቤት ውኃ ገባበት። በእድሩ ስብሰባ ላይ ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት ሁላችንም የፈረምንበት አቤቱታ እናስገባ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ማንም መልስ አልሰጠኝም። ጥቂት ቆይተው አንድ አባወራ ያንኑ ሐሳብ ደገሙት፤ ተጨበጨበላቸው። ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ሐሳቡን በእሳቸው ስም መዘገብኩት። አቤቱታውን ያረቀቅኩት፣ ፊርማውን ቤት ለቤት የሰበሰብኩት፣ ቦዩ እስኪጠረግ ድረስ አምስት ጊዜ የተመላለስኩት ግን እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ምስጋና ፈልጌ ሳይሆን፣ በ60 ሰው ፊት የራሷን ሐሳብ ማስጠበቅ ያልቻለች ሴት ምክር ቤት ገብታ ምን ትፈይዳለች ብዬ ስለምጨነቅ ነው። ለፓርቲው መልስ ለመስጠት ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት መምህርት፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ፓርቲው፣ ስለ ባለቤትሽና ስለ አማትሽ የጻፍሽውን በጥሞና ተመልክቼዋለሁ፤ ነገር ግን የደብዳቤሽ ፍሬ ነገር ሆኖ ያገኘሁት «አንድ ነገር ልጨምር» ብለሽ መጨረሻ ላይ ያስገባሽው አንቀጽ ነው። አንቺ የድክመትሽ ማስረጃ አድርገሽ አቀረብሽው፤ እኔ የተረዳሁት በተቃራኒው ነው። የከተማ ምክር ቤት አባል ሥራ በጀት ማጽደቅ፣ የከተማዋን ሕጎች ማውጣትና አስፈጻሚውን አካል መቆጣጠር ነው፤ ይህም ወደ ሰፈር ሲወርድ ቦዩ ለምን እንደተደፈነ መጠየቅ፣ የተጎዱ ሰዎችን ቃል በወረቀት ማስፈርና «ነገ ተመለሺ» ሲሉሽ በእርግጥም ነገ ተመልሶ መገኘት ማለት ነው። አንቺ ይህን ያለ ደመወዝና ያለ ማዕረግ ሠርተሽዋል። በሰው ፊት መናገር በልምምድ ይመጣል። ለአምስተኛ ጊዜ እዚያው ቢሮ ደጃፍ ላይ የሚያቆመውን ትዕግሥት ግን በሥልጠና የሚሰጥሽ የለም።

ለወቀሳ ሳይሆን እንድታስቢበት አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ብዕሩ በእጅሽ ሳለ ሐሳቡን በእሳቸው ስም የመዘገብሽው ለምን ነበር? ታላቅን ከማክበር ነው? ጭቅጭቅ ላለመፍጠር ነው? ወይስ ሁሉም ሰው ሲያጨበጭብላቸው ለአንቺም ሐሳቡ የእሳቸው መስሎ ታየሽ? መልሱን ለእኔ መላክ አያስፈልግሽም፤ ነገር ግን ከውሳኔሽ በፊት ለራስሽ መልሺው፤ ምክንያቱም የሚያስፈልግሽ ድጋፍ እንደ መልሱ ይለያያል። ከአክብሮት ከሆነ «ቀደም ብዬ ያቀረብኩትን ሐሳብ እሳቸውም ስለደገፉልኝ አመሰግናለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ችግሩን ያቃልልሻል፤ እሳቸውም አይቀየሙም። ጭቅጭቅ ፈርተሽ ከሆነ ከጎንሽ ተቀምጠው «ይህን እኮ ቀድማ ያነሳችው እሷ ናት» የሚሉ ሁለት ሴቶች ያስፈልጉሻል። በራስሽ ሐሳብ ላይ ያለሽ እምነት የተሸረሸረ ከሆነ ግን እሱን የሚያህል ሌላ ሥራ የለብሽም፤ ብትወዳደሪም ባትወዳደሪም ከዚያ መጀመር አለብሽ።

አሁን እንቅልፍ ወደ ነሳሽ ቃል ልምጣ። በር ላይ ቆሞ «ሴት ዕጩ አንሶናል» ያለሽ ሰው ክፉ አስቦ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ምናልባት በፓርቲው ስብሰባ ላይ ሲባል የሰነበተው ነገር ከአፉ አምልጦት ይሆናል። ጥርጣሬሽ ግን ከሜዳ የተነሣ አይደለም። መንግሥት ለፓርቲዎች የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ሲከፋፈል የሚያቀርቧቸው ሴት ዕጩዎች ቁጥርም ከግምት ውስጥ ስለሚገባ፣ ስምሽ በዝርዝሩ ላይ መስፈሩ ብቻውን ለእነሱ ጥቅም አለው። ሆኖም ይህ አንቺን የሚያሳንስ ነገር ነው ብዬ አላምንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች በበታችነትና በልዩነት በመታየታቸው የደረሰባቸው በደል እንዲታረም ተጨማሪ የድጋፍ እርምጃ ይገባቸዋል ሲል፣ እንደ አንቺ ያለች ሴት ሳትጠየቅ የምትቀርበት ዘመን ረጅም እንደነበር ማመኑ ነው።

ምን ያህል ረጅም እንደነበር እስቲ አብረን እንየው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። እሳቸውም እንደ አንቺ የትምህርት ሰው ነበሩ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፣ ከዚያ በፊትም በጣሊያን ወረራ ዘመን ተግዘው ታስረዋል። ከእሳቸው ወዲህ ከ40 ዓመታት በላይ አልፎ፣ በ1992ቱ ምርጫ ከ547ቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ሴቶች ያገኙት 42 ብቻ ነበር። በ2007ቱ ምርጫ ግን ቁጥሩ 212 ደረሰ። የ1992ዎቹ ሴቶች ከ2007ዎቹ ይልቅ ፈሪዎች ወይም ያልበቁ ስለነበሩ አይደለም ልዩነቱ የመጣው፤ በመካከሉ የተለወጠው ትልቁ ነገር የወቅቱ ገዢ ግንባር ኢሕአዴግ በዕጩዎቹ ዝርዝር ላይ ሴቶችን ለማብዛት መወሰኑ ነው። «ሴቶች ለምን አይወዳደሩም?» እየተባለ ሁልጊዜ የሴቶች ድፍረት ሲመረመር ስሰማ የሚከነክነኝ ለዚህ ነው፤ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው እጅ ግን እምብዛም አይመረመርም።

መቀመጫ ማግኘትና ተሰሚነት ማግኘት አንድ እንዳልሆኑ በእድርሽ ስብሰባ ላይ አይተሽዋል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20 የካቢኔ አባላት ግማሾቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ በዚያው ወር ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ በፕሬዚዳንትነት ሲሰየሙ እኔም እንደ ብዙዎች ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ቢሆንም ሹመት ከላይ የሚሰጥ፣ ከላይም የሚነሣ ነው። ምርጫ ግን የቤትሽን በር አንኳኩቶ «ቦዩን ያስጠረግሽልን አንቺ ነሽ፤ አሁንስ ምን አስበሻል?» የሚል ባለ ጉዳይ ያመጣልሻል፤ ወንበርሽን የሰጠሽ እሱ ስለሆነ ምክር ቤት ገብተሽ ስትናገሪም የምትቆሚው በእሱ ጉልበት ነው። በዚህ ምክንያት፣ እንደ አንቺ ሰፈር ያሳደጋቸው ሴቶች ለምርጫ ቢቀርቡ በጣም ደስ ይለኛል፤ ይህን ምኞቴን ልደብቅሽ አልፈልግም፤ ምክሬንም ስታነቢ ከግምት አስገቢልኝ።

ስለዚህ ለፓርቲው አሁን «እሺ» ወይም «አይሆንም» አትበዪ፤ ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ። በመጀመሪያ ፕሮግራማቸውንና መተዳደሪያ ደንባቸውን ተቀብለሽ አንብቢ፤ የማታምኚበትን ነገር በአደባባይ ስትደግፊ መዋል ከስድብ በላይ ያደክማል። ቀጥሎ የት እንደሚያቀርቡሽ ጠይቂ። አዲስ አበባ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ ሲኖራት የከተማው ምክር ቤት መቀመጫ ግን 138 ነው፤ ስለዚህ ለከተማው ምክር ቤት ከአንድ ምርጫ ክልል የሚመረጠው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ አንቺም የምትቀርቢው ብቻሽን ላይሆን ይችላል። አብረውሽ የሚቀርቡት እነማን ናቸው? በሰፈርሽ ነው ወይስ ማንም በማያውቅሽ አካባቢ? ሴቶቹን ሁሉ ፓርቲው ተስፋ በቆረጠበት ቦታ መድበዋቸው ከሆነ መልሱን ከዚያው ታገኚዋለሽ። የፖስተርና የበራሪ ወረቀት ወጪ፣ የድምፅ ማጉያውና የመኪናው ኪራይ ከማን ኪስ ይወጣል? በምርጫው ቀን በየጣቢያው ወኪል ያስቀምጡልሻል? የፓርቲው ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ ስንት ሴቶች አሉ፣ እነሱንስ ለብቻቸው ማነጋገር ትችያለሽ? ስብሰባ የሚጠሩት ስንት ሰዓት ላይ ነው? ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚጀመር ስብሰባ ትንሽ ልጅ ያላትን እናት ማንም «አትምጪ» ሳይላት ያስቀራታል።

መልሳቸውን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ ሙያሽ ስለሆነ በዚህ የሚቀድምሽ የለም። ቁጥር ብቻ የፈለገ ሰው ጥያቄ ሲበዛበት ይሰላቻል፤ አንቺን የፈለገ ግን ጥያቄሽን ሰምቶ የጎደለውን ለማሟላት ይሞክራል።

ከዓመታት በፊት በአንድ የዕጩዎች ማስተዋወቂያ መድረክ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከተናጋሪዎቹ መካከል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ተራዋም መጨረሻ ላይ ተደርጎ ነበር። ማይክሮፎኑ እጇ ሲገባ አዳራሹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆኗል፤ ከኋላ ወንበር እየተነባበረ ነው። ሴትየዋ ጥቂት ቆም ብላ አየችና ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች፤ የሚወጡትን ሰዎች አንድ በአንድ እየጨበጠች ስሟንና የመጣችበትን ጉዳይ ነገረቻቸው። ብልህነቷን እስካሁን አደንቃለሁ። ነገር ግን ያን ቀን የጎደላት ድፍረት አልነበረም፤ የጎደላት የተናጋሪዎቹን ተራ ከሚያወጣው ሰው ጋር ቀድሞ የሚከራከርላት ሰው ነበር። አንቺም ከመወሰንሽ በፊት በምክር ቤት ያገለገለች ወይም ተወዳድራ የተሸነፈች አንዲት ሴት ፈልገሽ ሻይ ጋብዣትና «ማን ነበር የሚከራከርልሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። የተሸነፈችው ምናልባት የበለጠ ትነግርሽ ይሆናል።

ባለቤትሽን በተመለከተ ቸኩለሽ እንዳትፈርጂበት እለምንሻለሁ። «ፖለቲካና ኤሌክትሪክ በሩቁ» የሚለው አባባል ባዶ ፍርሃት የወለደው አይደለም። በዚህ አገር በፖለቲካ ምክንያት ልጁን የቀበረ፣ ወንድሙን እስር ቤት የጠየቀ ቤተሰብ ብዙ ነው። ዝምታው ቅናት ሳይሆን ስጋት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ደግሞ ከእሱ አፍ ካልሰማሽ አታውቂውም። ልጆቹ ከተኙ በኋላ «ምን እንዳይደርስብኝ ነው የምትፈራው?» ብለሽ ጠይቂው፤ ከዚያም ዝም በዪ፣ ዝምታው ቢረዝምም ቶሎ አትሙዪው። የሚፈራው እስር ከሆነ፣ የሰው ወሬ ከሆነ፣ ወይም ቤቱ ያለ አንቺ እንዳይፈርስ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው መልስ የተለያየ ነው። ስጋቱ ተጨባጭ ሆኖ ካገኘሽውም ማመዛዘኛው ላይ ይቀመጥ፤ ለአንቺ ደኅንነት መጨነቁ ጠላትሽ አያደርገውም።

ስለ ቤቱ ሥራ ስትነጋገሩ ወረቀት አውጡና ሳምንቱን በቀን ከፋፍላችሁ ጻፉት፤ ትንሿን ከትምህርት ቤት የሚያመጣት ማን ነው፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሌሊት ተነሥቶ የሚቀዳው ማን ነው፣ ትልቁን የቤት ሥራ የሚያሠራው ማን ነው? እስካሁን ሁሉም ላይ የአንቺ ስም እንዳለ ሁለታችሁም በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ከዚያ «ትፈቅድልኛለህ?» ብለሽ ከመጠየቅ ይልቅ «ከእነዚህ የትኞቹን ትወስድልኛለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ሁለት ስሞች እንኳ ከተለወጡ ትልቅ ነገር ነው።

አማትሽ የጠቀሱልሽን ተረት እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ እሳቸውም የሰሙት ብቻ ሳይሆን የኖሩት ነው፣ ስለዚህ ክርክር አትግጠሚያቸው። ይልቁንም ውኃ የገባበት ቤት የእነማን እንደነበር፣ ከመካከላቸው ያረገዘች ወይም የታመመ ሰው ካለ፣ ምን ብለው እንዳመሰገኑሽ ቡና ላይ አጫውቻቸው። «ይህን እንድቀጥል ይመርቁኛል?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው ምን ይመልሱልሽ ይመስልሻል? ምርቃት የሚከለክሉ እናት ብዙ አይደሉም፤ ከመረቁሽም በኋላ በማኅበር ቀን ለጓደኞቻቸው የሚናገሩልሽ አንድ ቃል ግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ ፖስተር የበለጠ ይሰማል።

በማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚመጣው ስድብ «አትስሚው» ብዬ ላልፈው አልችልም፤ ያማል። በተለይ ሴት ላይ ሲሆን ስድቡ ከሐሳቧ ይልቅ ወደ ገላዋ፣ ወደ ትዳሯና ወደ ልጆቿ እንደሚያነጣጥር ባልደረባሽ ያሳየችሽ ጽሑፍ ምስክር ነው። በጾታ ላይ የተመሠረተ የጥላቻ ንግግር በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የተከለከለ ነው፤ ሆኖም ሕጉ መኖሩ ሌሊት ላይ ስልክሽን ከፍተሽ ከሚያገኝሽ ቃል አያድንሽም። ስለዚህ ከወሰንሽ፣ ከማንኛውም ቅስቀሳ በፊት የልጆችሽን ፎቶግራፎች ከገጽሽ ላይ አንሺ፤ ለምርጫው የተለየ ስልክ ቁጥርና የተለየ ገጽ ይኑርሽ፤ አስተያየቶቹንም ራስሽ አታንብቢ። «ይህን ትችይዋለሽ?» ያለችሽን ባልደረባ «ብቻዬን አልችለውም፤ አንቺ ታነቢልኛለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ማስፈራሪያ ሲኖር ስክሪንሾት አንሥታ ከነቀኑ ታስቀምጠው፤ ለፖሊስና ለምርጫ ቦርድ አቤት ስትዪ ማስረጃ ይሆንሻል።

የመንግሥት ሠራተኛ እንደመሆንሽ ሥራሽ ምን እንደሚሆን፣ ስለ ነዋሪነትና ማሟላት ስለሚገባሽ ሰነዶች ከፓርቲው ሰዎች ቃል ብቻ አትነሺ፤ የምርጫ ቦርድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ጠይቂ፣ የምርጫ አዋጁን ቁጥር 1162/2011ንም ራስሽ አንብቢው። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ስለ ውድድርሽ ለተማሪም ለወላጅም አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። የአንድ ልጅ የሒሳብ ውጤት ከእናቱ ድምፅ ጋር ተያይዞ መጠርጠር የለበትም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ «አሁን አይሆንም» ብትይም አላዝንብሽም። ትንሿ ልጅሽ 5 ዓመቷ ነው፤ የቤቱ አቅም ካልፈቀደ ወይም የፓርቲው መልስ ካላጠገበሽ መተው ሽንፈት አይደለም። ያኔም ቢሆን ሌላ ሴት ስትወዳደር የምርጫ ዘመቻዋን ልትመሪላት፣ ለእድሩ ሊቀመንበርነት ልትቀርቢ ትችያለሽ። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እምቢታሽ «አልመጥንም» ከሚል ስሜት የመጣ አይሁን። «ትመጥናለህ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ለአንድ ወንድ መምህር ማን አቅርቦለት ያውቃል?

የቀሩሽን ሦስት ሳምንታት እንዲህ ብትጠቀሚባቸው እመክርሻለሁ፤ የመጀመሪያውን ለፓርቲውና ለምርጫ ቦርዱ፣ ሁለተኛውን ለባለቤትሽና ለአማትሽ፣ ሦስተኛውን ግን ለማንም አትስጪው፤ ለራስሽ አስቀሪው። በመካከሉ የእድር ስብሰባ ካለ በዚያ ቀን ብዕሩን ለሌላ ሰው ስጪና ቃለ ጉባኤውን እሱ ይጻፍ፤ አንቺ እጅሽን አውጥተሽ ተናገሪ። ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ጸሐፊው ጠጋ ብለሽ ሐሳቡ በስምሽ መስፈሩን አይተሽ፣ ከዚያ ፈርሚ።